ዳማ በጠራራ ፀሐይ የዘፈነችበት እሑድ

ዳማ እናቷ ያወጣችላት ስም ክሪሳንቶ ነው። በሩቅ ምሥራቅ ባለችው አገራችን፣ ኢሎኢሎ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ከእኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ከዓሣ አጥማጅ ቤት በወንድ ልጅነት ተወለደች። የመርከብ ጸጉር አስተካካይ ሆና ስንት ባሕር ዞራ ዞራ በመጨረሻ አቴንስ ቀርታ ጸጉር ቤት ከፈተች። ቅዳሜ ሲመሽ አምፔሎኪፒ ሰፈር በነበረችው የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ዊጓን አድርጋ፣ ታኮ ጫማ ተጫምታ መድረክ ላይ ትወጣለች፤ ያኔ ስሟ ዳማ ዴ ኖቼ ነው። አገራችን በየአጥሩ ሥር ሲመሽ የሚሸት ነጭ አበባ አለ፣ የሱን ስም ነው የወሰደችው። ሰው በአዘቦቱም ቀን ዳማ ይላታል፣ እሷ ይላታል። እኔም እንደዚያው ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ መጀመሪያ የአሜሪካኖቹን ዘፈን እያስከፈተች አፏን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። እንስቅላታለን፣ እናጨበጭብላታለን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። አንድ ቅዳሜ ግን የአያቷን ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ከአናናስ ቅጠል ክር የተሸመነ ነው፤ እጅጌው ትከሻ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሙዚቃውን አዘጋችና በገዛ ድምፅዋ፣ በገዛ ቋንቋችን ዘፈነች። ድምፅዋ እንኳ ያን ያህል አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ሳህን የሚያጥቡት ሴቶች ሳይቀሩ እጃቸው ላይ አረፋ እንዳለ ወጥተው ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ለሰው ዘፈን አፏን አላዋሰችም።

እኔ በዚያን ጊዜ አንድ ጡረተኛ የባሕር ኃይል ሰው ነበር የምንከባከበው፤ ባርባ ፎቲስ ይባላል፣ ባርባ «አባባ» እንደ ማለት ነው፤ ጆሮው ከብዷል። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ትይዩ በረንዳ ላይ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ልብስ ስታሰጣ አያለሁ። ፊቷን ሳይ የእኛው ሰው መሆኗን አወቅሁ። ሰላም አልኳት፤ ደነገጠች። ሌላ ቀን አንሶላ ስታሰጣ፣ ከአንሶላው ጀርባ ሆና፣

«ማናንግ፣ የየት ነዎት?» አለችኝ። ማናንግ እኛ ታላቅ እህታችንን የምንጠራበት ነው። ከኢሎኢሎ መሆኔን ነገርኳት።

ጄኔሊን ትባላለች። ከገባች ጀምሮ አንድም እሑድ አልወጣችም። ፓስፖርቷን እመቤቷ ኪሪያ ስታማቲያ፣ ወይዘሮ ስታማቲያ ማለት ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች። ገበያ እንኳ የምትሄደው እመቤቷ ራሷ ናት። ኪሪያ ስታማቲያ በረንዳው ላይ ብቅ ካለች ሁለታችንም መዝፈን እንጀምራለን፤ የቀረውን ወሬያችንን በዜማ እንጨርሰዋለን። ሴትዮዋም «እነዚህ ሰዎች ሥራ ሲሠሩ ይዘፍናሉ» እያለች ለእንግዶቿ ትነግር ነበር አሉ።

ይህን ሁሉ ወስጄ ለዳማ ነገርኳት። ጸጉሬን እያጠበችልኝ ነበር። እጇ ቆመ።

«ፓስፖርቷን?»

«ቆልፋበታለች።»

«እሑዷንም?»

«እሑዷንም።»

ሻምፑውን ሳታለቀልቅልኝ ፎጣ ጠምጥማልኝ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ጸጉሬ ደርቆ እንጨት ሆኗል። «ልጅቷ ራሷ በአፏ ካልጠየቀች፣ ወይ ሰፈሩ ካልጠራን፣ የሰው ቤት ዘለን አንገባም አሉኝ» አለች። «እሺ። ሰፈሩ ይጠራቸዋል፤ ልጅቷም ትጠይቃቸዋለች።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓት ጸጉር ቤቷ ውስጥ ተሰበሰብን። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ማኖንግ ኢስኮም መጣ፤ ማኖንግ ደግሞ ታላቅ ወንድማችንን የምንጠራበት ነው። ዳማ ሐሳቧን ተናገረች፦ ሃራና ልናደርግላት ነው። እኛ አገር ጎበዝ ልጅቱን ሲከጅል ጊታር ይዞ መስኮቷ ሥር ቆሞ ይዘፍናል፤ ሃራና ማለት ይኸው ነው። ልጅቱ መስኮቷን ከፍታ በዘፈን እስክትመልስለት ድረስ ደጁን አያንኳኳም፤ ነውር ነው።

«ሃራና በጨረቃ ነው» አለ ማኖንግ ኢስኮ።

«የኔ በእሑድ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከምሳ በኋላ።»

በበጋ አቴንስ ውስጥ ከምሳ በኋላ ሰው የሚተኛበት ሰዓት ነው፤ የሚጮህ ሰው ከተገኘ ፖሊስ ይጠራበታል።

«አብደሻል? ፖሊስ ይመጣል እኮ!»

«እንዲመጣ ነዋ፣ ማኖንግ! ምን ስነግርህ ነው የቆየሁት?»

«የመኖሪያ ወረቀትሽ ሊታደስ ነው። ደግሞም በዚያ ቀሚስ፣ በዚያ ዊግ፣ በቀን በግሪኮቹ ፊት ልታሳፍሪን ነው። ሥራ ፈላጊ ስንት እህት አለን። ምን ይሉናል?»

ዳማ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የአያቴ ቀሚስ አያሳፍርም። የሰው ልጅ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ የከተተችው ትፈር። ወረቀት የሌላችሁ ሁላችሁም እሑድ ቤታችሁ ዋሉ፣ አንዳችሁንም እዚያ እንዳላይ። እኔ እና ጊታሬ እንበቃለን።»

«ሃራና ደግሞ ወንድ ነው ለሴት የሚያደርገው» አለ፣ መውጫ ሲያጣ።

«ታዲያ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለምነኝ የኖረችው ምን ነበር? ‘ልጄ፣ ለአንዲት ልጃገረድ ዘፍነህ ልይህ’ እያለች! ይኸው፣ ጻፉላት!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማኖንግ ኢስኮ ግን ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

እኔ በበኩሌ ጄኔሊንን አንሶላ ለአንሶላ ሆነን አስጠናኋት። በግሪክኛ «ፓስፖርቴን እፈልጋለሁ፣ እሑዴን እፈልጋለሁ» ማለት ብቻ ነው። ትለዋለች፤ ደግሞ ታለቅሳለች።

«ማናንግ፣ ብናገር ወደ አገር ቢመልሱኝስ?»

«ዳማ አለችልሽ።»

«ድምፄ ባይወጣስ?»

ይህን ለዳማ ስነግራት ቅንድቧን እየሳለች «እሱን የምታውቀው እሷ ናት» ብቻ አለችኝ።

እሑድ ደረሰ። ሐምሌ ነው፤ አስፋልቱ ይለበልባል። መንገዱ ጭር ብሏል፣ መስኮት ሁሉ ተከድኗል። ባርባ ፎቲስን ጥላ ሥር አስቀምጬ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ከማዕዘኑ ዳማ ብቅ አለች። ክንፋም ቀሚሷን ለብሳለች፤ ዊጓ ላይ ወርቅ ወረቀት የለበሰ ጨረቃ ሰክታለች፤ ጊታሯ በአበባ ገመድ ታስሯል። ብቻዋን ነበረች።

ከስታማቲያ በረንዳ ግርጌ ቆማ ጊታሯን አንዴ መታችና ለቀቀችው፦

«ቆሜ እጠራሻለሁ ከመስኮትሽ ግርጌ፣
ብቅ በይ እንጂ ሳይቀልጥ ኩሌና ማዕረጌ።»

አንድ መስኮት ተከፈተ። ሌላ ተከፈተ። ካኒቴራ የለበሰ ሰውዬ «ሰዓቱን አታዪም ወይ?» ብሎ ጮኸ። ዳማ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችውና ድምፅዋን ጨመረች። አንዷ አሮጊት ከላይ ባልዲ ውኃ ደፋችባት፤ ለጥቂት ሳታት። «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ሙቀቱ ገድሎኝ ነበር!» አለቻት በጥሩ ግሪክኛ። ሰዎች መሳቅ ጀመሩ። ሌሎቹ ግን ስልክ ይዘዋል፣ አየኋቸው።

ባርባ ፎቲስ ክንዴን ነካ አድርጎ «ሠርግ ነው?» አለኝ።

«ገና አልታወቀም» አልኩት።

ኪሪያ ስታማቲያ ወጥታ ቁልቁል አየች፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ተመልሳ ገባችና መዝጊያውን ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ዳማ ዘፈነች። ላቡ ኩሉን ይዞት ወረደ፣ የቀሚሱ ክንፍ በሙቀት ልምሾ ሆነ። ዘፈነች። የፖሊስ መኪና መጥቶ ቆመ፣ ሁለት ወጣቶች ወረዱ። አንደኛው ክንዷን ሲይዛት፣

«ጥፋቴን አምናለሁ፣ ልጄ» አለችው። «ጣቢያም እሄዳለሁ፣ የምትጽፍብኝንም ጻፍ። ግን የዘፈንኩላት ልጅ ሳትመልስልኝ ከዚህ ብነቃነቅ አገሬ አትቀበለኝም። እስክትመልስ ብቻ።»

ፖሊሱ ጓደኛውን አየው። በረንዳው ሁሉ ሰው ሞልቷል፤ ያ ካኒቴራ የለበሰው ሰውዬ እንኳ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ፖሊሱ እጁን ከክንዷ አላነሣም፣ ግን አልጎተታትም።

ዳማም ያንኑ ግጥም ደገመችው፣ አሁን ቀስ ብላ። ከዚያ ጊታሯን በመዳፏ ዘጋችው። ጠበቀች። እኔ የበረንዳውን ብረት ጨብጬ «በይ ልጄ፣ በይ ልጄ» እላለሁ።

በጎን በኩል ካለችው የወጥ ቤት ትንሽ መስኮት፣ ከተዘጋው መዝጊያ ኋላ፣ የክር ያህል ቀጭን ድምፅ ወጣ፦

«ድምፅሽን ሰማሁት ወጥ ቤት ተሸሽጌ፣
ጠብቂኝ መጣሁልሽ ጫማዬን አድርጌ።»

እኔ ነኝ የጮህኩት። በቋንቋችን ስለሆነ ቃሉ የገባን እኔና ዳማ ብቻ ነን፤ የቀረው ሰው ግን ዜማውን ሰምቶ አጨበጨበ። የበረንዳው መዝጊያ ተገፋ፣ ተገፋ፣ ከውስጥ የሚይዘው ሰው እንዳለ ያስታውቃል። በመጨረሻ ተከፈተ። ጄኔሊን ሽርጧን ሳትፈታ፣ ጫማ አድርጋ ወጣች። ፖሊሱን ቁልቁል እያየች በግሪክኛ፣ ሳትንተባተብ፣

«ፓስፖርቴን እፈልጋለሁ። እሑዴን እፈልጋለሁ» አለች። ከዚያ እኔ ያላስተማርኳትን ጨመረችበት፤ «ዛሬ እሑድ ነው።»

ፖሊሱ የዳማን ክንድ ለቀቀና የቤቱን ደወል ደወለ።

ኪሪያ ስታማቲያ ደጅ ላይ «እንደ ልጄ ነው የማያት! ከተማው እንዳያጠፋት ብዬ ነው!» ስትል ተሰማ። ያቺ ባልዲ የደፋችው አሮጊት ከላይ፣ «ልጅሽማ በየእሑዱ ባሕር ዳርቻ ናት፣ ስታማቲያ!» አለቻት። ፓስፖርቱ መጣ። ፖሊሱ ገልጦ ፎቶውን አየና በልጅቷ እጅ ላይ አስቀመጠው።

ዳማን ግን ለጩኸቷ ወሰዷት። የቀሚሱ ክንፍ በመኪናው በር አልገባ ብሎ በጎን በጎን፣ አንዱን እጅጌ በመስኮት አስወጥታ ነው የሄደችው፤ እየሄደችም ለበረንዳዎቹ እጇን ታውለበልብ ነበር። ማታ ለቀቋት። የወረቀቷ ነገር ያን ዓመት አንገላታት፣ በየቢሮው ተመላለሰች፤ ግን ቅር ሲላት አላየሁም። ከዚያ ወዲያ ያን በጋ ሙሉ ሌሎች ሴቶች ጸጉር ቤቷ እየመጡ «የኔም መንገድ እንዲህና እንዲህ ነው» ይሏት ነበር፣ እሷም ጊታሯን ታነሣለች። ሁሉም መስኮት አልተከፈተም። ማኖንግ ኢስኮ ዛሬ ታሪኩን ሲያወራ «ስንዘፍን» ነው የሚለው። ይበል።

ጄኔሊን ሌላ ቤት ገባች፣ ደግ ሰዎች ዘንድ። የመጀመሪያውን የዕረፍት እሑዷን ያሳለፈችው ዳማ ቤት ነው። ሴቶቻችን ሊያዩዋት በየሳህኑ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ይዘው፣ ባሕር ዳርቻ እንውሰዳት፣ ቤተ ክርስቲያን እንውሰዳት፣ ፎቶ እንነሣ እያሉ መጡ። እኔም ኬክ ይዤ መጣሁ። ዳማ ጸጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ያለ ኩል፣ ደጁ ላይ ወንበር አድርጋ ተቀምጣለች።

«ተኝታለች» አለችኝ።

«እስካሁን?»

«እስካሁን። ሶፋው ላይ፣ ጫማዋን እንዳደረገች።»

«ትንሽ ልያት ብቻ።»

«ማናንግ፣ ብትፈልግ እስኪመሽ ትተኛ። የሷ እሑድ ነው።»

ኬኩን ተቀብላኝ ከሳህኖቹ ጎን አስቀመጠችው፤ እኔም ከአጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።