አባቴ በእግራቸው ያጠሩት አጥር

አባቴና ታናሽ ወንድማቸው የተጣሉት በውሃ ቦይ ነው። አንድ ክረምት የአጎቴ ቦይ ሞልቶ የአባቴን ገብስ ጠራርጎ ወሰደ፤ አባቴም በንዴት «ሁለተኛ ደጁን ብረግጥ እግሬን ይስበረው» ብለው ማሉ። በእኛ በመንዝ መሐላ ቀልድ አይደለም። በአንድ ደብር እያስቀደሱ፣ በአንድ ገበያ በግ እየሸጡ፣ ሰላምታ ሳይለዋወጡ ዓመታት ኖሩ። እናቴ በዓል በመጣ ቁጥር ታለቅሳለች፤ እኔ ግን ሁለቱንም አንድ ቤት ዘግቼባቸው ቁልፉን ገደል ብወረውረው ደስታዬ ነበር።

አባቴ የመንደሩ የጋራ ክልክል ግጦሽ ዳኛ ነበሩ። ሣሩ እስኪያድግ ከብት እንዳይገባበት ይጠብቃሉ፤ የገባ ከብት ይያዛል፣ ባለቤቱም ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ለዘመድ አላዳላም ብለው ቃል የገቡበት ሥራ ነውና ይኮሩበት ነበር።

ሞባይል እኛም አገር በደረሰበት ዘመን አንድ ባለሙያ ከከተማ መጥቶ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ላም አንገት ላይ የሚታሰር ዕቃ አሳየን። ላሟ ከተከለከለው መስመር ስታልፍ ይጮኻል፣ ስልክ ላይም መልእክት ይልካል። ሰው ሁሉ በአንድ ለአምስት ሲደራጅ ከብቱ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ይኸው ተራው ደረሰው ብለን ሳቅን። መጀመሪያ ግን ዕቃው ወሰኑን ማወቅ ነበረበት። በአገሩ ልማድ ወሰን የሚዞረው ዳኛው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው የረገጡትን ሁሉ የሚመዘግብ ስልክ ለአባቴ ሰጥቶ የግጦሹን ዳር ዳር ዞረው እንዲመጡ ነገራቸው። የግጦሹ ዳር ደግሞ የሚያልፈው በአጎቴ ደጅ ነው።

አባቴ አመሻሽ ላይ ጭቃና እሾህ ለብሰው ተመለሱ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቃቸውም።

ዕቃው ለሙከራ ከታሰረላቸው ላሞች አንዷ የአጎቴ ነበረች። አባቴ ፊደል ስላልቆጠሩ መልእክቱ የሚመጣው በእኔ ስልክ ነው። ጠዋት፣ የአጎቴ ላም ክልክል ገብታለች ይላል። ቀትር ላይም ያው። ማታም ያው። አነበብኩላቸው። ፊታቸው እንዲያ ሲበራ ከፋሲካ ወዲህ አላየሁም፤ ወዲያው ላሟን የሚይዙ ሰዎች ላኩ።

ሰዎቹ ላሟን ያገኟት በረት ውስጥ ታስራ፣ ጥጃዋን እየላሰች ነው። አንገቷ ይጮኻል። አጎቴ ጩኸቱን ለማፈን አሮጌ ጋቢ ጠምጥመውባት፣ እሳቸውም ጆሯቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀምጠዋል።

ባለሙያው በማግስቱ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ካርታውን ከፈተ። መስመሩ እስከ አጎቴ ማሳ ድረስ ደህና ይመጣና ደጃቸው ሊደርስ ሲል ድንገት ይሸሻል፤ በቤቱ ጀርባ፣ በቁልቁለቱ፣ በቁጥቋጦው ዞሮ ይመለሳል። ቤቱም፣ በረቱም፣ ላሟም ከነጥጃዋ የተከለከለ ግጦሽ ሆነዋል። ባለሙያው ዕቃው ተበላሽቷል አለ። የአገሩ ሰው ግን መሐላውን ስለሚያውቅ ሁሉም አባቴን አየ። አንዱ ሽማግሌ፣ ወይ በደጁ አልፈው መስመሩን ያቅኑ ወይ ዳኝነቱን ይልቀቁ አሏቸው። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። አሳዘኑኝ።

የነፍስ አባታቸው ስግደት ሰጥተው ከመሐላው ፈቷቸው። ቅዳሜ ስልኩን ይዘው እንደገና ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አጎቴ ደጅ ሲደርሱ እርምጃቸውን አፈጠኑ። አጎቴ በር ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» አሉ።

አባቴ ስልኩን ከፍ አድርገው አሳዩአቸው። «ሥራ ላይ ነኝ። የረገጥኩትን ሁሉ ይመዘግባል።»

«ይመዝግባ!»

አባቴ ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ገቡ። ጥቂት ቆይቶ የሁለት ሽማግሌዎች ልቅሶ ሰማሁ። እኔም አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ። ሲወጡ ጠላ ጠላ እየሸተቱ፣ የቀረውን ወሰን ከአጎቴ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ጨረሱ።

ባለሙያው ካርታውን ሲከፍት ግራ ገባው። መስመሩ በግጦሹ ዳር ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ አጎቴ ቤት ዘው ብሎ፣ እንደ ተወሳሰበ ፈትል ተጠምጥሞ ይወጣል። ስህተት ነው፣ አጠፋዋለሁ አለና ጣቱን ዘረጋ።

አባቴ እጁን ያዙት። «አታጥፋው» አሉት፣ «ገብቼ ነበር።»