ነጠላ ያነጠፍኩባቸው አራት ወንበሮች

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው የቆምኩት። ከጌታ ስም በፊት ግን የሰው ስም መጥራት አለብኝ። እህት አስናቀች የዛሬ ሁለት ዓመት በጥቅምት፣ በሐሙሱ የሴቶች ጸሎት ላይ በደለችኝ። እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ትስማኝ።

ልጄ መክሊት ሐኪም ናት። ያን ዓመት ስፔሻሊስት ለመሆን አሜሪካ ለሬዚደንሲ አመልክታ፣ አንድም ሆስፒታል ለኢንተርቪው አልጠራትም። አስናቀች ማታቱ ታክሲ ውስጥ እጄን ይዛ ስትጠይቀኝ ይህን ለእሷ ብቻ ነገርኳት። ሐሙስ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲባል ብድግ ብላ፣ «እህቶች፣ የእህታችን የብርቱካን ልጅ በሄደችበት ሁሉ ተጥላለች፤ በእንባ እንጸልይላት» አለች። በእንባ! ዓይኔ እያየ አዳራሽ ሙሉ ሴት በእኔ ውርደት አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ግራ እጄ ይደነዝዘኝ ጀመር። ደም ግፊቴ ከፍ አለ። ሁርሊንግሃም ክሊኒክ ያለው ሐኪም መድኃኒት ጨመረ፣ ቀየረ፤ በመጨረሻ «ማማ፣ ቤት ውስጥ የሚያበሳጭዎት ሰው አለ?» አለኝ።

«ቤቴ ውስጥስ የለም» አልኩት። አልዋሸሁም።

ዘንድሮ መክሊት ደግማ አመለከተች። የምትሠራው በሰሜን፣ ኔትዎርክ በሌለበት ክሊኒክ ስለሆነ ኢሜይሏን የምጠብቀው እኔ ነኝ። የኢንተርቪው ጥሪ መጥቶ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ፣ ጥሩ ጥሩውን ቀን ሌላው ይወስደዋል። ስልኩን ጉያዬ ይዤ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ ያለ ድምፅ ይወርዳል፤ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ ቀን እመርጣለሁ። ነቅቼ ይሁን አንቀላፍቼ የማልለይበት ጊዜ ነበር፤ አይቻቸው የማላውቃቸው ከተሞች ስም እንደ መዝሙር ጆሮዬ ውስጥ ይዞራል። አሥራ አራት ጥሪ መጣ! ስሙ ይባረክ!

መክሊት ኔትዎርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጥታ ደወለች። «እማ፣ አሥሩ ይበቃኛል። አራቱን ካንስል አድርጊልኝ፤ በትሕትና ይሁን፣ ደግሞ ቶሎ። ተጠባባቂዎች አሉ።»

«ማን ነው የሚጠብቀው?»

«ብዙ ሰው። የእትዬ አስናቀች ልጅ ናታንም አለ። እስካሁን አንድም ጥሪ የለውም፤ ከአራቱ አንዱ ጋ ተጠባባቂ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ፣ እማ።»

«እሺ» አልኳት። አልሰረዝኩም። ሃያ ዓመት በጸሐፊነት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ የትሕትና ደብዳቤ አቅቶኝ አይደለም። ሳምንት ሙሉ አራቱን ይዤ ቆየሁ። «ለናታን በእንባ እንጸልይ» የሚል ርዕስም በወረቀት ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጣፈጠኝ።

አንድ ቀን በረንዳው ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህችን አዳራሻችንን አየኋት፤ ጣሪያ የላትም፣ አበባው ይዘንብባታል። እሑድ እሑድ ለዘገየ ወዳጅ ወንበር እንይዝ የለ? መጽሐፍ ቅዱስ እናስቀምጣለን፣ ነጠላ እናነጥፋለን። አስናቀች በቦርሳዋ በያዘችው ወንበር ምክንያት ስንቶቻችን ቆመን አምልከናል! በሕልሜ ግን ያዢዋ እኔ ነበርኩ። ነጠላዬ አራት ወንበር ላይ ተነጥፏል፤ ነጭ ጋውን የለበሱ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ፊቱ የማይታይ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ መጣና፣ «እማማ፣ ሰው አለው?» አለኝ።

«አለው!»

ነጠላውን በግራ እጄ ልይዘው ብል እጄ የለም። ከአበባው መካከል «ለማን ነው የያዝሽው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወገኖች፣ ለማንም አልነበረም!

ነቃሁ። «ጌታ ሆይ፣ ማረኝ» እያልኩ አራቱን ደብዳቤ በመክሊት ስም ጻፍኩ፤ ስለ ግብዣው ከልብ አመስግኜ፣ ቦታው ለሌላ አመልካች እንዲሰጥ ለመንኩ። አራተኛውን ደብዳቤ ስልከው የስልኩ መስታወት ቅዝቃዜ ተሰማኝ። በግራ እጄ! ሃሌ ሉያ! ቦርሳዬ ውስጥ ያለውንም ወረቀት ቀደድኩት።

ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ አላምን ብላ ግፊቴን ሁለቴ ለካች። ሐኪሙ «በጣም ወርዷል፤ መድኃኒቱን ግን እንዳያቆሙ» አለኝ። አላቆምኩም። ክብሩ ግን የጌታ ነው!

ባለፈው ሐሙስ አስናቀች ራሷ ተነሥታ፣ «ናታኔ ተጠራ! አንዱ የጌታ ሰው ቦታውን ለቆለት ነው!» ብላ አለቀሰች። ሰውየው ማን እንደሆነ አላወቀችም። ዛሬ ዐወቀች።

የሁለቱም ልጆች ውጤት ገና ነው። እኔ ግን ሳልሰማው አመሰግናለሁ። አስናቀችን ወደድኳት አልልም፤ በጌታ ፊት አልዋሽም። እናንተም አጥብቃችሁ የያዛችሁት ነገር ካለ፣ ለማን እንደያዛችሁት ጠይቁ። ከዚያ እጃችሁን ፈትታችሁ ለእርሱ ተዉት። እርሱ ይታመናል።

ዛሬ ጠዋት ስገባ አስናቀች አጠገቧ ያለውን ወንበር በቦርሳዋ ይዛው ነበር። ቦርሳውን አንስቼ እግሯ ሥር አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ።