ውሻ ሲመሽ ይፈታል

እኔ ውሻ አልወድም። ኋላ "እሷ ደግሞ ውሻ ወዳድ ሆነች" እንዳትሉኝ ከዚሁ ልጀምር። ያደግሁበት የጎንደር ገጠር ውሻ የደጅ ነው። ቤት ከገባ ዱላ ይነሣበታል፣ አፉ የነካው ዕቃ ይታጠባል፣ እሱን የነካ ሰውም እንደዚያው። ኢየሩሳሌም፣ ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ ከሶፋው ጎን ለውሻ የሽቦ ቤት ታቆሚያለሽ ያለኝ ሰው ቢኖር በሳቅ እሞት ነበር። ልጄ ነው ይህን ያመጣብኝ።

ልጄ ከውትድርና ሲመለስ ያ ውሻ ተከትሎት ገባ። ቡናማ ነው፣ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ የወደቀ። "ከየት አገኘኸው?" ብዬ ብጠይቀው "አገኘሁት" አለኝ፤ ሌላ ቃል የለም። የት ነበርህ፣ ምን አየህ፣ ለምን ከሳህ ብለው ዝም። የሚያወራው ከውሻው ጋር ነበር። የክፍሉን በር ዘግቶ በዕብራይስጥ ያንሾካሹክለታል፣ እኔ ውጭ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ እሰማለሁ። አይ እናትነት! አንድ ቀን ጧት ቦርሳውን አነሣና "ኤይላት ከተማ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እስክደላደል ውሻውን ያዢልኝ" ብሎኝ ሄደ።

ተጣልተን ቢሆን ደግ ነበር። ሽማግሌ እልክ ነበር፤ እምቢ ካለም እናቱ ብሆንም ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። አልተጣላንም እኮ! ዝም ነው ያለኝ። ያገሬ ሰው "ዝም አይነቅዝም" ይላል። ውሸት ነው፣ ይነቅዛል፤ እኔ ቤት ሲነቅዝ በዓይኔ አይቻለሁ።

የሚደውለው አርብ አርብ ረፋድ ላይ ነው። "ሻሎም እማ፣ ደኅና ነሽ? ስጪኝ" ይላል። ስጪኝ የሚለው ውሻውን ነው። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ውሻው አጠገብ አስቀምጥለታለሁ፣ ልጄ ያወራል። ለእኔ የማይነግረውን ሁሉ ለእሱ ይነግረዋል፦ አለቃው ክፉ እንደሆነ፣ እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ ባሕሩ ዳር ብቻውን እንደሚቀመጥ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍሁ አዳምጣለሁ። ውሻው ድምፁን ሲሰማ ጅራቱን ሽቦው ላይ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ልጄም ይህን ሲሰማ ይስቃል። ልጄ ሲስቅ የምሰማው በዚህ ብቻ ነበር። ታዲያ ያን ውሻ ልጣለው? ስለ እሱ የጠየቀኝ እንደሆነ እኔንም ጠየቀኝ ማለት ነው፣ እንደዚያ ነበር የማስበው።

የሽቦው ቤት የመጣው ከሥራዬ የተነሣ ነው። ከተማው መሀል የኢትዮጵያ ጎዳና ላይ፣ ከሐበሾች ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በአሮጌ የድንጋይ ቤት፣ አንዲት ባልቴት እጦራለሁ። ከቀትር እስከ ምሽት እዚያ ነኝ። ገና ደረጃውን ስወርድ ውሻው ማላዘን ይጀምራል፣ በሩን ይቧጥጣል። ከበታቻችን ፎቅ ያለው ጎረቤት አንድ ቀን ፊቱ በርበሬ መስሎ ወጣና "ሁለተኛ ብሰማ ማዘጋጃ ቤት ደውዬ አስወስደዋለሁ" አለኝ። የራሱ ልጆች ወለሌን ሲያናውጡት የማይውሉ ይመስል! ግን ፈራሁ። የሚወስዱት ውሻውን ብቻ አልነበረምና ፈራሁ።

ለልጄ ስነግረው፣ ተመስገን፣ ረጅም ወሬ አወራኝ። ክሉቭ ግዢለት አለኝ፤ ዕብራይስጡ ነው፣ የሽቦ ቤት ማለቱ ነው። "ምነው ልጄ፣ ልሰረው?" ብለው "እስር አይደለም እማ፣ ቤቱ ይሆናል፤ ቀስ ብለሽ አስለምጂው" አለና አንድ በአንድ አስረዳኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች፣ ደስ አለኝ። የልጄን አሮጌ ብርድ ልብስ ውስጡ አነጠፍሁ። ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ ሥጋ ሻጭ አጥንት እየለመንሁ እዚያው ውስጥ አበላሁት። መጀመሪያ በሩን ክፍት ተውሁለት። ቀጥሎ ወለል ስወለውል ዘጋሁበት፣ ቀጥሎ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ፣ ቀጥሎ ገበያ ደርሼ እስክመጣ። አመለኛ መስሎኝ ነበር፣ ከብዙ ሰው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ኋላ ኋላ ቦርሳዬን ሳነሣ ራሱ ገብቶ ይተኛ ጀመር። ጎረቤቱም አፉን ያዘ።

ያልለመዱት አማቴ፣ የባሌ እናት እምዬ ናቸው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምንኖረው እሳቸውና እኔ ነን። "ወደ ሴት ልጃቸው ይሂዱ" ያለኝ ሰው ነበር፤ እምዬን እንዴት አድርጌ? እኔን ያሳደጉኝ ያህል ናቸው። እምዬ ያገሩን ሕግ አንዲት ሳያጎድሉ ይዘው እዚህ የደረሱ ናቸው። ውሻው በአጠገባቸው ሲያልፍ ነጠላቸውን ሰብስበው ግድግዳ ይጠጋሉ። ነክቷቸው እንደሆነ ሰውነታቸውን ታጥበው ልብሳቸውን ሳይለውጡ እህል አይቀምሱም። ስለዚህ ለሽቦው ቤት ቁልፍ አልገዛሁለትም። ተንሸራታች መቀርቀሪያ አለው፣ እሱ ይበቃል ብዬ። ውሻ የማይነካ ሰው የውሻ በር ይከፍታል ብሎ ማን ያስባል?

ግን ይነዘንዙኝ ነበር። "ልጄ፣ ይኼ ፍጥረት ምን በድሎ ታሰረ?"

"አልታሰረም እምዬ፣ ቤቱ ነው።"

"ቤትማ ከውስጥ ይከፈታል።"

የባሌ አባት ወዲህ ለመምጣት ሲሞክሩ ተይዘው ጎንደር ወህኒ ቤት ከርመዋል፤ ስንቅ ያመላለሱላቸው እምዬ ነበሩ። ስለዚህ እሳቸው ፊት የሽቦ ነገር ብዙ አልከራከርም ነበር። "እሺ እምዬ" እልና ወደ ሥራዬ እወጣለሁ።

የዚያን ዕለት ክረምት ነው፣ የዚህ አገር ክረምት፣ ዝናቡ የሚወርደው በብርዱ ጊዜ። ባልቴቷ እራቷን አልበላም ብላ አመሸችብኝ። ስወጣ ጨልሟል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል፣ ደጁ ላይ የቆሙት መነኩሲት እንደ ልማዳቸው "እንደምን አመሸሽ፣ አይዞሽ" አሉኝ። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፣ የእሳቸው ሃይማኖት ተከታይ አይደለሁም፣ ግን በአማርኛ አይዞሽ የሚለኝ ሰው በዚያ መንገድ እሳቸው ብቻ ናቸው። በገበያው በኩል ዞሬ አጥንቴን ይዤ ባቡር ተሳፈርሁ።

ደረጃውን ስወጣ የቤታችን በር ገርበብ ብሏል። እምዬ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ምርኩዛቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ፊታቸው እንደ ሙሽራ እናት ፈክቷል።

"ፈታሁት" አሉኝ።

"ማንን?"

"ያን እስረኛ ነዋ! መሸ አይደል? ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። አንቺ ቀን ታስሪዋለሽ፣ ሌሊት ምንጣፍ ላይ ታስተኚዋለሽ፤ ታዲያ መቼ ነው ውሻ የሚሆነው? ሂድ ደጅህን ጠብቅ አልሁት፣ ወረደ።"

"በምን ከፈቱት?"

ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው ጫፉን አሳዩኝ። በእጃቸው አልነኩትም። መቀርቀሪያውን በምርኩዝ ጫፍ ገፋ፣ በሩን በምርኩዝ ጫፍ ሳብ። እና እውነታቸውን ነው እኮ! እኛ አገር እንደዚያ ነው። ቀን አላፊ እንዳይነክስ ይታሰራል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይፈታል፣ ሌሊቱን ደጁን ሲዞር ያድራል፣ ጧት ራሱ መጥቶ እማሰሪያው ሥር ይተኛል። ታዲያ እዚህ ደጁ የቱ ነው? ታች ያለው በር የሕንጻው ሰው ሁሉ በር ነው፣ ሲያልፉ እንኳ የሚዘጋው የለም። እኔ አሁን በዚያ ገብቼ መምጣቴ ነው፣ ከዝናብ በቀር ምንም አልነበረም።

"ገደሉኝ እምዬ!" አልሁ። ጮኽሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን እሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ፊታቸው ወዲያው ጠወለገ፣ "ጧት ይመጣል፣ ውሻ እኮ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

አጥንቱን እንደያዝሁ ወጣሁ። በልጄ ቋንቋ ጠራሁት፣ በራሴ ቋንቋ ጠራሁት፣ ኧረ በፉጨትም። ባቡር ጣቢያው ላይ አንድ ጥበቃ "ቡናማ ውሻ ሐዲዱን ይዞ ወደ ከተማ ሲሮጥ አይቻለሁ" አለኝ። በሐዲዱ ሄድሁ። በማግሥቱም ሄድሁ። ማዘጋጃ ቤት የተያዙ ውሾች የሚያቆይበት ቦታ ሄጄ በየሽቦው አየሁ፣ የእኔው የለም። ሥጋ ሻጩን ጠየቅሁ፣ መነኩሲቷን ጠየቅሁ። መነኩሲቷ "እኔም እጸልያለሁ" አሉኝ። ጸሎቱ የት እንደደረሰ እንጃ። እምዬ ደግሞ ሲመሽ ሲመሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ይወርዱና ታች በሩ ላይ ይቆማሉ፤ በብርዱ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው። ወደ ላይ ይውጡ ብላቸው እምቢ። በማያውቃቸው ሰው ሁሉ መሀል ቆመው ውሻ ይጠብቃሉ። ተናደድሁባቸው፣ አዘንሁላቸው፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ።

አርብ ደረሰ፣ ስልኩ ጮኸ።

"ሻሎም እማ፣ ደኅና ነሽ? ስጪኝ።"

እነግረዋለሁ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስለማመድ የከረምሁት ቃል ነበረኝ። ግን ብነግረው ስልኩን ይዘጋል፤ ከዘጋ ደግሞ በምን ምክንያት ነው የሚደውል? ሄጄ ስልኩን ባዶው ሽቦ ቤት ውስጥ፣ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጥሁት።

ልጄ አወራ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ "የት ነህ? ለምን አትመልስልኝም?" አለ። ያን ጊዜ ከኋላዬ እምዬ መጡ። ጎንበስ አሉና በምርኩዛቸው ጫፍ ሽቦውን ኳ ኳ አደረጉ፣ ደግመው ኳ ኳ።

ልጄ ሳቀ። እምዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"እማ፣ ትሰሚኛለሽ?" አለ ልጄ፣ ድምፁ ደስ ብሎት። "ቤት ተከራየሁ፣ ውሻ የሚፈቅድ ቤት። እሑድ መጥቼ እወስደዋለሁ። ከዚያ በኋላ በስልክ አልጨቀጭቅሽም፣ በቃ ትገላገያለሽ።"

"ና" አልሁት። ባዶውን ለማየትም ቢሆን ይመጣል።

እምዬ ዕብራይስጥ አይሰሙም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ "ምን አለ ልጃችን?" ብለው ጠየቁኝ።

"እሑድ እመጣለሁ ነው የሚለው።"

"እሰይ! እሰይ!" አሉ፤ ፊታቸው እንደዚያን ዕለት ምሽት ፈካ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና የሽቦውን ቤት በር በጫፉ ገፋ አድርገው ከፍተው ተዉት።