እስከ ክርን

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የኔን ሱቅ ከእትዬ ቀይ ክር ሱቅ የሚለየው አንድ ሳንቃ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ ከወዲህ ይማርሽ እላለሁ። ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረናል። የማወራው ያየሁትን ነው፤ ከኔ የበለጠ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ፍራሽ ሠሪ ናት። ስሟ ሌላ ነው፣ ቀይ ክር ያላት ሰፈሩ ነው። መቼም ፍራሽ ሆዱ አይታይም። ጨርቁ አዲስ ከሆነ ውስጡ ጥጥ ይሁን ቡትቶ የሚያውቀው የሠራው ሰውና የተኛበት ጀርባ ነው፤ ጀርባ ደግሞ የሚያውቀው ከተከፈለ በኋላ ነው። እሷና ባሏ ታዲያ አንድ ልማድ ነበራቸው። ፍራሹን ሞልተው ሲጨርሱ ዳሩ ላይ አንድ ስንዝር ሳይሰፉ ይተዋሉ፤ አፍ ይሉታል። ገዢው ሲመጣ በአፉ እጁን እስከ ክርኑ ያስገባል፣ ይዳብሳል፣ ካሻው ቆንጥሮ አውጥቶ ያያል። ከዚያ ዓይኑ እያየ አፉን በቀይ ክር ትሰፋዋለች። ቀይ ክር ያለበት ፍራሽ የታየ ፍራሽ ነው ማለት ነው።

ሰው ያፍራል። አንዴ አንድ አስተማሪ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣና፣ "ኧረ እትዬ፣ እኔ አምንሻለሁ" አላት።

"እመነኝ መቼ አልኩህ? እጅህን አስገባ ነው ያልኩህ።"

አስገባ። ሲያወጣ የእጅ ሰዓቱ ውስጥ ቀርቷል፤ እሱም ሳያውቅ እሷም ሳታውቅ ተሰፋ። በማግስቱ ፍራሹን አሸክሞ መጣ። "እትዬ፣ ይሄ ፍራሽ ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል አደረ፣ ሚስቴ ልትፈታኝ ነው" አለ። መደዳው ሁሉ ወር ሙሉ ሳቀበት።

ልማዱን ከአባቱ ያመጣው ባሏ ነው፤ ጋሼ ነው የምንለው። ጥጡን የሚነድፈውም የሚሞላውም እሱ ነበር፣ ግራ ጎኑ ሽባ እስኪሆን ድረስ። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ወንበር እናወጣለትና በደህናው እጁ ከዘራውን ይዞ አላፊ አግዳሚውን እየተረበ ይውላል። በእሱ ቦታ የእትዬ ታናሽ ወንድም ገባ። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ነው፤ ትልቅ ሰው ሆኖም እቴቴ ነው የሚላት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የተባለው ለእነዚህ ሁለት ሳይሆን አይቀርም። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የስፖንጅ ፍራሽ ሲመጣ ገበያው ሞተ። ሰው በላስቲክ የተጠቀለለውን አንስቶ ይሄዳል እንጂ ማን ቆሞ ሆድ ይዳብሳል? አከራያቸው በየሳምንቱ በር ላይ ይቆም ጀመር። እንዲህ ባለበት ሰዓት ነው ጤና ጣቢያው አርባ የጥጥ ፍራሽ ያዘዘው። እትዬ ዋጋ ስትቆርጥ ጥጥ በርካሽ ነበር፤ ሥራው ሲጀመር ጥጥ እሳት ሆነ። ቃሏን አላጠፈችም። "ያልኩት ያልኩት ነው" አለች። መሙላቱን ለወንድሟ ተወች።

የጤና ጣቢያው ንብረት ያዥ ሊረከብ መጣ። አርባውንም በየተራ እጁን አስገብቶ ዳበሰ። ጥጥ ነው፤ ሰፋች። ጥጥ ነው፤ ሰፋች። "እትዬ፣ ክንዴ አላበው፣ ይብቃኝ" ቢላት፣ "አርባ ከፍለህ ሠላሳ ዘጠኝ አታይም" ብላ ሙጭጭ አለች። ጋሼ በር ላይ ሆኖ በኩራት ይስቃል። ያን ቀን ያየኋትን ያህል ተደስታ አይቻት አላውቅም።

በሦስተኛው ወር ጋሼ ሳንባውን ታመመና እዚያው ጤና ጣቢያ ተኛ። በሁለተኛው ቀን ጀርባዬን የሆነ ነገር ወጋኝ አለ። ልጠይቀው ሄጄ ስለነበር አለሁ። እትዬ አንሶላውን ገለጥ ስታደርግ ቀዩን ክር አየችው። ደስታዋ! "የኛ ነው እኮ! በኛ ፍራሽ ላይ ነው የተኛኸው!" አለችው።

ጋሼ ደህናውን እጁን ሰዶ ክሩን በጣቶቹ ዳሰሰው። "እንግዲያስ ጀርባዬ ነው" አለ። "ፍራሹ የኛ ከሆነማ የተበላሸው ጀርባዬ ነው።" ከዚያ በኋላ ወጋኝ የሚል ቃል አልወጣውም። ሲያገላብጡት ብቻ ጥርሱን ይነክሳል።

በማግስቱ ለምርመራ በተሽከርካሪ ወንበር ሲወስዱት እትዬ አልጋውን ልታስተካክል ጎንበስ አለች። መዳፏ ሥር ጓል የመሰለ ነገር ገጠማት። ቀዩን ክር በጥርሷ በጠሰችው። እስከ ክርኗ ጥጥ ነበር። ከክርኗ አልፋ እስከ ብብቷ ስታስገባ ግን ቋጠሮ በቋጠሮ ሆነ፤ እጇ የያዘውን አንዱን ይዛ ቀጥታ ወደኔ ሱቅ መጣች፤ ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠችው። አረንጓዴ የተማሪ ዩኒፎርም ቁራጭ፣ ተጠቅልሎ የተቋጠረ፣ መሀሉ ላይ የተሰበረ ዚፕ ያለበት።

"ይሄ ያንተ ነው?" አለችኝ።

የኔ ነበር። ወንድሟ ከስፌት የሚተርፈኝን የጨርቅ ብጥስጣሽ በጆንያ በጆንያ ሲወስድ ወለል መወልወያ ነው ብሎኝ ነበር። ስንት ወለል አለው? አልጠየቅኩም። ሱቄ ጸዳልኝ ብዬ ዝም አልኩ። የኔ ኃጢአት ይሄው ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ወንድሟን ጠራችው። ቁራጩን ሲያይ አልካደም።

"ገዢ እስከ ክርኑ ነው እጁን የሚያስገባው፣ እቴቴ። እስከዚያ ጥጥ ሞላሁ። ያንን ሁሉ በጥጥ ብሞላው ዛሬ ሱቅ የለሽም ነበር። ላንቺ ብዬ ነው፤ ጋሼንም አከራዩ በር ላይ እንዳያሳፍረው ብዬ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ እሺ ትይ ነበር?"

ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ተቀመጠች። "ሰውን ሁሉ እጅህን አስገባ እላለሁ" አለች። "እኔ ራሴ አንድ ቀን አስገብቼ አላውቅም። ወንድሜ ነው ብዬ።" አፉ ቅቤ ሆዱ ጩቤ የሚባል ሰው አለ፤ ፍራሽም እንደዚያ እንደሚሆን ያን ቀን አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ የሚተኙበትን ፍራሽ አሸክማ ጤና ጣቢያ ሄደች። እኔም አብሬ። ጋሼ ተቆጣ። "አብደሻል? ይሄም የኛ፣ ያም የኛ! ስፖንጅ ላይ ለሚሰቃይ ሰው ስጪው" አለ። ቀዩ ክር የነበረበትን ቦታ ሲዳብስ የፍራሹ አፍ ተከፍቷል። "ክሩ ተበጥሷል፣ ስፊው" አላት።

እኔ ኮሪደር ላይ ጎትቼ አወጣኋት። "ሆድ ይፍጀው፣ እትዬ። ሃምሳ ዓመት የኖረበትን አሁን ከምትነጥቂው ይልቅ ይጎርብጠው" አልኳት። ምክሬ ይሄ ነበር፤ ልክ ይሁን ስህተት እስከ ዛሬ አላውቅም። ተመልሳ ገባች። እየነገረችው ነው ብዬ በበሩ ስንጥቅ ሳይ ጎንበስ ብላ እየሰፋች ነው። በቀይ ክር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሞተ። ልብሱን ስንቀይርለት ጀርባውን አየሁት፤ ቡጢ የሚያክል ቦታ በልዞ ቆዳው ተልጧል። እትዬም አየችው። አላለቀሰችም፣ አንሶላውን ሳበችበት።

በሳምንቱ ንብረት ያዡ ቢሮ ገብታ ሁሉንም ተናገረች። ማንም አልጠየቃትም ነበር፤ ማንም አይደርስበትም ነበር። የሱቁን ዕቃ ሸጣ ጥጥ ገዛች። ፍራሾቹን አንድ በአንድ አስመጥታ ቀደደች፤ እኔም ሥራዬን ዘግቼ የገዛ ብጥስጣሼን ከሆዳቸው ስጎለጉል ከረምኩ። ወንድሟ ሊያግዝ መጥቶ ነበር፤ በሩን ዘጋችበት። ወዴት እንደሄደ አናውቅም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ጠራ፤ አየነው። "ለካ ቀይ ክርም ሌባ ናት!" አለ ገበያው። ዝም ያለ የስፖንጅ ነጋዴ ሁሉ እየከበረ፣ የተናገረችው እሷ ስሟ ቆሸሸ። ሰዓቱን የረሳው አስተማሪ እንኳ መንገድ ላይ ሲያያት ዞር አለ። ሱቁን አከራዩ ለሞባይል ጠጋኝ ሰጠው።

አሁን እኔ ዘንድ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች። የሞላቻቸው ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። በአርባኛው ፈንታ ያንን የቤቷን ፍራሽ ለጤና ጣቢያው ሰጥታ፣ ጋሼ የሞተበትን ቤቷ ወሰደችው። እሱን አልቀደደችውም። እዚያ ላይ ነው የምትተኛው፤ የኔ ብጥስጣሽ፣ የኔ የተሰበሩ ዚፖች ላይ። ስንቴ ለመንኳት፣ ስንቴ ላወጣልሽ አልኳት።

ጠዋት ጠዋት ወገቧን ይዛ ትመጣለች። "እትዬ፣ ምን ሆንሽ?" እላታለሁ፣ የሆነችውን እያወቅኩ።

"ምንም" ትለኛለች፣ ክር መርፌ ውስጥ እየከተተች። "ጀርባዬ ነው።"