ያላነበብኩት ሪፖርት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከዲላ ይዤ የመጣሁት አንድ የሒሳብ መዝገብ፣ ሁለት እስክሪብቶና ብዙ ኩራት ነበር። ወናጎ አጠገብ ያለ የገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥ አድርጎ ቀጥሮኛል። አሥራ ሁለተኛን ስለጨረስኩ ሰው ሁሉ ተነስቶ የሚቀበለኝ መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ግን በራሶን ከቦ ያወራል።

በራሶ ሊቀመንበሩ ነው፤ አባላቱ እጅ አውጥተው የመረጡት፣ ከፊርማው በቀር ብዙ የማይጽፍ ገበሬ። እሱ ሲስቅ ሰው ይስቃል። እኔ ስስቅ "ምን ሆነ?" ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት።

ከባንክ ተበድሮ የእህል ወፍጮ አስተከለ። ሴቶቹ በቆሎ ተሸክመው ወናጎ ድረስ ጭቃ መርገጥ ቀረላቸው። ቀጥሎ "ለአባላት በነፃ ይፈጭ" አለና ተጨበጨበለት። ናፍጣው ግን በነፃ አይገኝም፤ ለእሱም ሌላ ብድር ተወሰደ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ዕዳው ከቡናው ሽያጭ ሊበልጥ ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ለጉባኤው ንገራቸው። ገንዘቡ የእነሱ ነው" አለኝ።

በማኅበራችን ምርጫ ከመደረጉ በፊት ሒሳብ ያዡ ቆሞ የገቢ፣ የወጪና የዕዳ ሪፖርት ያነባል። ለሚጠይቀው ሁሉ በአማርኛም በጌዴኦኛም መልስ ይሰጣል። እጅ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት ሪፖርቱን ጽፌ ጨርሼ ነበር። በጉባኤው ጠዋት ግን ሴቶቹ በራሶን ከበው ሲመርቁት አየሁ። ዕዳውን ባነብ መላ ይፈልጋሉ፤ መላውን እሱ ያመጣና እንደገና ይጨበጨብለታል። ዝም ብል ዕዳው ራሱ ይጥለዋል። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

"ሪፖርቱ የታለ?" ብሎ የጠየቀኝ ራሱ በራሶ ነበር።

"ሒሳቡ አልታረቀልኝም፤ ሌላ ጊዜ ይደርሳል" አልኩ።

አመነኝ። እጅ ወጣ፤ እሱም በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። እኔም እጄን አወጣሁ።

የቡናው ለቀማ እንዳለቀ የባንኩ ደብዳቤ ደረሰ፤ በአንድ ዓመት ሽያጭ ከፍሎ መጨረስ የማይቻል ዕዳ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከአውራጃው አንድ ኃላፊ መጥቶ አባላቱን ሰበሰበ።

"እናንተ መምረጥ አታውቁበትም" አላቸው። "ከዛሬ ጀምሮ ሊቀመንበር የምንመድበው እኛ ነን።"

የመደበው እኔን ነው። ወፍጮውን ባንኩ በዕዳው ነቅሎ ወሰደው። በራሶ ቁልፎቹን አስረከበኝና ወደ እንሰት ማሳው ተመለሰ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ዳንሴ የምትባል አሮጊት አባል በቆሎዋን ተሸክማ ወደ ወናጎ ስትሄድ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች።

"ልጄ፣ ዕዳውን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለማስፈጫው ትንሽ ትንሽ እንከፍል ነበር እኮ። ብትነግረን ምን ነበረበት?"

ሸክሟን አስተካክላ ሄደች።

ደርግ እስኪወድቅ በዚያ ወንበር ተቀመጥኩ፤ ዕዳውንም ከፍዬ ጨረስኩ። ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው፤ መራጭ ዕዳውን በጊዜው ከነገሩት ይሸከመዋል። እኛ ዘንድ ምርጫ የቀረው እኔ ዝም ስላልኩ ነው። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ለእኔ እጁን ያወጣ አንድም ሰው የለም፤ አውጡ ተብለውም አያውቁም።