ጾመኞቹ ሽሪምፖች

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ስለሚኖረው ባለ ብዙ እግር ትንሽ ፍጥረት፣ ስለ ሽሪምፕ መኖና ስለሚያሻው ቅባት በሰፊው ተምሬአለሁ፤ ቢያንስ ተምሬአለሁ ብዬ አምናለሁ። ዕውቀቴን ላሳይበት የመረጥሁት ቦታ ግን ከዓለም ከተማ በታች ባለው ቆላ፣ አባቴ ለሽንኩርት መስኖ የቆፈሩት ኩሬ ነበር።

አባቴ ኩሬው ውስጥ የጨመርኋቸውን የመጀመሪያዎቹን ሽሪምፖች ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው። እኛ አንበላው፤ ማን ሊበላው ነው?» አሉ።

«የአዲስ አበባ ሆቴሎች፣ አባባ።»

«እስከ ፋሲካ ካልቀናህ ኩሬው ወደ ሽንኩርቱ ይመለሳል።»

መጽሐፉ የዓሣ ዘይት ጨምር ይላል። እኔ የምሠራው ደጋው ላይ፣ ሞላሌ ነው፤ ሞላሌ ያለው በግ ነው። የመንዝ በግ ላት አቅልጬ በቆርቆሮ አመጣሁና ከመኖው ጋር ለወስሁት፤ በፈጠራዬም ኮራሁ። ስቡ ውኃው ላይ እንደ ሻማ ረግቶ ተንሳፈፈ። ሽሪምፖቹ ፈዘዙ፤ ጥቂቶቹም ሞቱ። እኔ በአየሩ አሳብቤ፣ ቆርቆሮውን ለእናቴ አስረክቤ፣ በሁዳዴ መግቢያ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

በሆሳዕና ስመጣ ኩሬው ዳር እንደ እባብ ገለፈት ስስ ሽፋን ተበትኗል። ሽሪምፕ ያንን የሚጥለው ሲያድግ ነው።

«እማዬ፣ ምን ሰጠሻቸው?»

«በሁዳዴ ላት ላሙቅ? ድስቴን ላስፈስክ? ተልባ ቆልቼ፣ ወቅጬ ለወስኩላቸው። ደግሞ ጾም ማንን ገደለ?»

የተልባ ቅባት ውኃ ውስጥ አይረጋም፤ ለሽሪምፕም ከላት ይልቅ ይስማማዋል። ይህን በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ የጻፍሁት ይመስለኛል። ከመሄዴ በፊት ለእናቴ ተልባ እንድትሞክር መንገሬንም አስታውሳለሁ፤ የቆምሁበትን ቦታ ሳይቀር። እሷ ግን፣ «አንተ የነገርከኝ ቆርቆሮውን ድመት እንዳይደፋው ነው» ትላለች። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ለእኔም ድመቷ ይበልጥ ትታየኛለች።

በፋሲካ ማግስት አባቴ ኩሬው ዳር ቆመው ብዙ ተመለከቱ። «እንግዲህ ሽንኩርቱ ለከርሞ ይቆይ» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው።

እፎይ ብዬ ቤት ስገባ እናቴ ድስት ጥዳ፣ ቆርቆሮውን ከፍታ አገኘኋት።

«በል፣ ጾሙ ተፈታ። እነሱም ይፍሰኩ።»

«ተይ እማዬ፤ እነሱ በተልባው ይቀጥሉ።»

«ለበዓል እንኳ?» አለች፤ ይህን ያህል ጨካኝ ልጅ አሳድጋ እንደሆነ ፊቴን መረመረች። ከዚያ እያዘነች ላቱን እኛ ወጥ ውስጥ ገለበጠችው።