የኤዶ ሐዋ ቁልቋል

ጠዋት ከጅጅጋ ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚኒባስ ተነሳሁ። ጓደኛዬ አብዲ የወረዳው የግብርና ባለሙያ ነው። ግጦሹን የወረረውን ካክተስ ሊያስመነጥር ፈልጎ፣ "የዕፅዋት መምህር አይደለህ? የቱ እንደሚቆረጥ መጥተህ አሳየን" ብሎኝ ነበር። ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። አበባ ያላቸውን ዕፅዋት በምድብና በቤተሰብ መለየት የማስተምር ሰው ነኝ፤ ማን አባቱ ሊያርመኝ!

መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ያቀፏት የፍየል ግልገል የሱሪዬን ጫፍ ስታኝክ ቱሊ ጉሌድ ገባን።

ረፋድ

አብዲ በባጃጅ ወደ ኤዶ ሐዋ ግቢ ወሰደኝ። እዚህ ትልልቅ ሴቶችን የምንጠራው ኤዶ፣ አክስት፣ እያልን ነው። ባላቸው ሞተውባቸው በፍየሎቻቸው የሚኖሩ ሴት ናቸው። ግቢው ጥግ ላይ ጠፍጣፋው ካክተስ በቅሏል። ቀጥሎ ያለው የተክል አጥርም ወፍራም፣ ቅጠል አልባና እሾሃም ነው። ፀሐዩ ከሯል፣ እኔም ርቦኛል። አበባ ልፈልግ፣ ቀርቤ ልይ አላልኩም። ከባጃጁ ሳልወርድ እጄን ዘርግቼ "ሁሉም ካክተስ ነው፣ ይነሳ" አልኩ።

"መአሊን ካለ ይቆረጥ" አሉ ኤዶ ሐዋ። መምህር ካለ ማለታቸው ነው። ገጀራ አውጥተው ወረዳው ከላካቸው ሠራተኞች ጋር ራሳቸውም መቁረጥ ጀመሩ።

ከምሳ በኋላ

ከአብዲ ጋር ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ እንደ አገሩ ልማድ ከሙዝ ጋር በልተን ስንመለስ አጥሩ ወድቋል። ከየቁራጩ ነጭ ወተት ይንጠባጠባል። ጠፍጣፋው ካክተስ ወተት የለውም። የቆረጥነው ቁልቋል ነበር! ቁልቋል የጉሎ ቤተሰብ ነው፤ ካክተስ ደግሞ በምድቡ ለቀይ ሥር ይቀርባል። መልካቸው እንጂ ዘራቸው አይገናኝም። ይህን በየዓመቱ እያስተማርኩ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አብዲ ፊቴን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

"ተወው ባክህ" አለኝ በሹክሹክታ። "አንተ ካልተናገርክ ማን ያውቃል?"

እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቅም። ግን ሲመሽ ጅብ ይመጣል፣ ፍየሎቹም አጥር የላቸውም። ሄጄ ለኤዶ ሐዋ ተናገርኩ። ገጀራውን መሬት አስቀመጡ።

"እንግዲህ ለጅቡም ንገርልኝ" አሉ።

የመመለሻውን መኪና ተውኩት። እስኪመሽ ከአብዲ ጋር የግራር እሾህ እየጎተትን ከመርን። የቁልቋሉን ቁራጮች መልሼ ተከልኩ፤ ከቁራጩ ይበቅላል፣ አጥር እስኪሆን ግን ዓመታት ይፈጃል። ክምሩ የአጥሩን ግማሽ እንኳ ስላልዘጋ ኤዶ ሐዋ ፍየሎቹን ቤት አስገቡ። የተሳሳትኩት እኔ፣ ቤታቸው ውስጥ ከፍየል ጋር ያደሩት እሳቸው።

ጅጅጋ

በማግስቱ ተመልሼ በቀጥታ ክፍል ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ቢኖር በእኔ ችኮላ የሚጎዳው ሌላ ሰው መሆኑን ነው። ለተማሪዎቼ ይህን እንዴት እንደምነግራቸው ግን አላወቅሁም።

"ቲቸር፣ እጅዎን ምን ነካው?" አለችኝ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ።

"እሾህ ነው።"

"የየትኛው ቤተሰብ?" አለች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ከባጃጁ ጀምሬ ነገርኳቸው። ኤዶ ሐዋ "መአሊን ካለ" ብለው ራሳቸው ገጀራ አንስተው አጥራቸውን እንደቆረጡ ስነግራቸው የሚስቅ አልነበረም።